በር ላይ የማይፈነዳ እንግዳ

ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው፤ የሥራ ወሬ ከበሩ ወዲህ አይገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም ባሌ እራት ላይ ተቀምጦ፣ ሾርባውን እየማገ፣ «ዛሬስ ስንቱ ሞተብሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ዕለት ነው። ሰው የገደለውን ሚስቱ ቆጥራ እንድትነግረው በሾርባ መሃል ይጠይቃል? ማንኪያዬን አስቀምጬ ሕጉን አወጅሁ፤ እሱም አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለ።

ባሌም እኔም የምንሠራው አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እኔ ሴል አሳዳጊ ነኝ። ጤነኛውንም የታመመውንም በየሳህኑ ዘርቼ፣ በሰው ገላ ሙቀት ልክ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ምግባቸውን እየቀየርኩ አኖራቸዋለሁ። ሴል በዓል አያውቅም፤ እሑድም ቢሆን ሄጄ አያቸዋለሁ። ባሌ ደግሞ ከስብ ኳስ ይሠራል። በዓይን የማትታይ፣ ቆዳዋ ስብ፣ ሆዷ መድኃኒት የሆነ ኳስ። በዚህ የተነሳ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ «ቅባቱ» ይለዋል። እኔ ሲያናድደኝ ብቻ ነው እንዲህ የምለው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እላለሁ ማለት ነው።

የኳሷ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። መድኃኒቱ መርዝ ነው፤ የታመመውን ሴል ይገድላል፣ ብቻውን ከለቀቁት ግን ጤነኛውንም አይምርም። ስለዚህ ስብ ውስጥ ተደብቆ፣ ለስልሶና አምሮ የታመመው ሴል ዘንድ ይሄድና ውስጥ ገብቶ ይዘረገፋል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ሲባል ስለ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ባሌ ግን በጠርሙስ ይሠራዋል።

ችግሩ ያለው መግባቱ ላይ ነው። የሴል የላይ ልብስም እንደ ኳሷ ቆዳ ስብ ነው፤ ውጪው ግን ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋል፣ የተለያየው ይሳሳባል፤ ይህን ልጅ ሆነን ተምረነዋል። ቅባቱ መጀመሪያ ኔጋቲቭ በሆነ ስብ ሠራ፤ ሴሎቼ ከሩቅ ገፈተሯት። ቀጥሎ ቻርጅ የሌለው ስብ ሞከረ፤ ኳሷ ሰላም ሳትል በአጠገባቸው አለፈች። የታመሙት ሴሎች ያገኙትን የሚውጡ ሆዳሞች ስለሆኑ አንዳንዷን ዋጥ አደረጓት፤ ግን የዋጡትን በሚያስቀምጡበት ከረጢት ውስጥ መድኃኒቷን እንደታቀፈች ተቆልፋ ቀረች። እነሱም ምንም እንዳልነካቸው ሲበሉ ከረሙ። በመጨረሻ ቅባቱ ጭንቅላቱ ፖዘቲቭ የሆነ ስብ አገኘና እልል አለ። ጉዱ የፈላው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፖዘቲቩ ኳስ ገና ሳህኑ ላይ ሲፈስ ያገኘው ሴል ላይ ሁሉ ልጥፍ ይላል። ጤነኛ የለ፣ በሽተኛ የለ። ልጥፍ ብሎም አይቀር፤ የሴሉን የስብ ልብስ እየጎተተ ይቀድደዋል። በማግስቱ እኔ ሰማያዊውን ቀለም ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። በሕይወት ያለ ሴል ቀለሙን አያስገባም፤ በሩን ዘግቶ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የሞተው ግን በሩ ወልቋልና ቀለሙን ይጠጣል። ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቀኛል።

«ገደልካቸው» እለዋለሁ።

«አቀፍኳቸው» ይለኛል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«እንዲህ ያለውን እቅፍ ለጠላቴም አይስጠው!»

ቅባቱ ሰነፍ አይደለም፤ ደረቅ ነው። ለማሻሻል ያላደረገው ነገር የለም። የስብ ጅራት ቀጥ ያለ ከሆነ ተጠጋግቶ ስለሚቆም የኳሷ ቆዳ ይጠነክራል፤ ጅራቱ የታጠፈ ከሆነ አያጠጋጋምና ይለሰልሳል፤ በክፍተቱ ኮሌስትሮል ከወተፉበት ደግሞ አያፈስም። ይህን ሁሉ እየቀያየረ አሳምሮ ሠራ። አንዲት ጠብታ መድኃኒት የማታፈስ፣ ክብ፣ ቆንጆ ኳስ። ቻርጁን ግን እንዳትነኩብኝ አለ። «ካልተጣበቀ አይገባም» ይላል፤ ይህን ሲል ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ይተክላል። እኔም «ከተጣበቀ ይገድላል» እላለሁ፤ የኔንም ጣት እተክላለሁ። እንዲህ ጣታችንን እንደተከልን ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

አለቃችን «ሚዛኑ» ይባላሉ። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ ግራና ቀኙን መዝነው ነው። ስብሰባ ጠርተው ስለ መጨረሻው ሙከራ ጠየቁኝ። ባሌ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ እስክሪብቶ ይነክሳል። ሚስት ናት፣ ታለባብስለታለች ብሎ የጠበቀ ካለ አፈረ።

«የሞተው ሞቷል» አልኩ። «ጤነኞቹም በሽተኞቹም አልቀዋል።»

ሚዛኑ መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ። «አንድ ሙከራ ይቀረዋል» አሉ። «ጤነኛ ሴሎቹ ደግመው ካለቁ የስቡን ሥራ እንዘጋለን። ቅባቱም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል።»

ዕቃ ግምጃ ቤት ማለት ጓንትና ባዶ ጠርሙስ ማደል ነው። ክፉ ሥራ አይደለም፤ ለባሌ ግን ሞት ነው። እሱ ያቺን ኳስ ሲያስብ ጫማውን አቀያይሮ አጥልቆ የሚወጣ ሰው ነው። ከስብሰባው ስንወጣ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ልክ ነሽ፣ ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አለና ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ።

አማቴ የመጡት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

በሩን የነኩት በጣታቸው ጫፍ ነበር። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘዋል። «አላስቸግራችሁም ልጆቼ፤ እግረ መንገዴን ልያችሁ ብዬ ነው። ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ላፍላ ብላቸው «ውሃ ይበቃኛል» አሉ። ምግብ ባቀርብ «ጠግቤአለሁ»፣ ትራስ ባመጣ «ለምን ተቸገርሽ»። አማት አማት ሲሉ ሰምቼ ስፈራ ኖሬ፣ እንዲህ ያሉ ጨዋ ሴት ሲገጥሙኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እንዲያውም እኔው ነኝ «ሰኞ ምን ያስኬድዎታል? ይሰንብቱ እንጂ» ያልኩት። አፌን ማን ቢይዘኝ!

ሰኞ አልፎ ማክሰኞ መጣ። ከሥራ ስንመለስ ማንኪያዎቹ ከመሳቢያው ወጥተው ምድጃው አጠገብ ብርጭቆ ውስጥ ቆመዋል። ስኳር በነበረበት ጨው ተተክቷል፤ ይህን ያወቅሁት ሻዬን ስጎነጭ ነው። ረቡዕ መጋረጃዎቹ ታጥበው ቦታ ተለዋወጡ፤ የሳሎኑ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ የመኝታ ቤቱ ሳሎን ወጣ። ሐሙስ ነጭ የሥራ ጋዎኔን በስታርች አድርቀውት ሳልለብሰው ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። «እንዲህ ነው እንጂ ንጹሕ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ጥርሴን ነክሼ አመሰገንኩ። ቀኑን ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ ስንኮሻኮሽ ዋልኩ።

ሕጋችንንም ያን ዕለት እራት ላይ ናዱት።

«ሥራ እንዴት ነው?» አሉ ለልጃቸው።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት የሥራ ወሬ አይወራም» አለ ቅባቱ።

«ታዲያ ምን ይወራል? ስለ ዝናብ?»

ባሌ አየኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። እሱም የታፈነ ሰው ነውና ተነፈሰ። «የኔ ኳስ የሷን ሴሎች እየገደለ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከገደለ ከሥራዬ ያነሱኛል።»

«ብዙ ናቸው?»

«በየሳህኑ አእላፍ ናቸው።»

አማቴ ዳቦውን ከአፋቸው መለሱ። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ምን አድርገውህ ነው ልጄ?» አሉ።

በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ቅባቱ ግን አልሳቀም፤ በእናቱም ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ማደሩ ሳይከነክነው አልቀረም።

አርብ ዕለት ደክሞኝ ቤት ገባሁ። እንደ ልማዴ ጫማዬን ወርውሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጀርባዬን ወደ አልጋው ስለቅ ወለሉ ተቀበለኝ። አልጋው እዚያ የለም። ተዘዋውሮ መስኮቱ ሥር ገብቷል፤ ራስጌው ግርጌ ሆኗል። ወገቤን ይዤ እንደተቀመጥኩ ባሌ ሮጦ መጣ። በሩን ዘጋሁት።

«እናትህ!» አልኩ፤ በሹክሹክታ መጮህ የሚቻለውን ያህል ጮህኩ።

«ደግሞ ምን አደረገች?»

«ምን ያላደረጉት አለ? ጨው በሻዬ፣ መጋረጃው ተገልብጦ፣ ጋዎኔ እንደ ሣንቃ ቆሞ፣ አሁን ደግሞ አልጋዬን! በር ላይ ሲመጡ ምን ነበሩ? ምንም! ውሃ ይበቃኛል፣ ሰኞ እሄዳለሁ። አልተለጠፉብንም፣ አልገፉንም። ዝም ብለን ዋጥናቸው! ከገቡ በኋላ ነው የፈነዱት!»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች...»

«ይስሙ! በር ላይ ቢፈነዱ ኖሮ ማን ያስገባቸው ነበር? እናትህ ካንተ ይሻላሉ። ያንተ ኳስ እኮ በር ላይ ነው የሚፈነዳው!»

ባሌ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ከፍቶ ቀረ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ እኔን ግን አያይም። ከልክ አልፌ እናቱን ተናግሬበታለሁ ብዬ ደነገጥኩ። ይቅርታ ልለው ስል እሱ ቀደመኝ።

«ድገሚው» አለ።

«የቱን?»

«የመጨረሻውን።»

«ያንተ በር ላይ ይፈነዳል፤ እሳቸው ከገቡ በኋላ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። «ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ የጣልኩት ስብ አለ» አለ። «ወኔ የለውም ብዬ ንቄው ነው። በተራ ውሃም በደምም ውስጥ ቻርጅ የለውም። ጎምዛዛ ነገር ውስጥ ሲገባ ብቻ ፖዘቲቭ ይሆናል።»

«ከረጢቱ ጎምዛዛ ነው» አልኩ። ወገቤን ማሸት ተውኩ። እኔ ሴል አሳዳጊ ነኝ፤ የልጆቼን ሆድ አውቃለሁ። ሴል የዋጠውን ነገር የሚያስቀምጥበት ከረጢት እየዋለ ሲያድር እንደ ሎሚ ይጎመዝዛል።

«ስለዚህ በር ላይ ምንም ነው» አለ ቅባቱ።

«ምንም ነው። ጤነኞቹን አይለጠፍባቸውም፣ አይቀድዳቸውም። ሆዳሞቹ ግን ይውጡታል።»

«ከዋጡት በኋላ ይጎመዝዝበታል...»

«ፖዘቲቭ ይሆንና ከረጢቱን ይቀድደዋል! መድኃኒቱ ይዘረገፋል!»

እጄን ያዘኝ። በተገለበጠው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እግራችንን ራስጌው ላይ ሰቅለን፣ የስቡን ጅራት፣ የኮሌስትሮሉን መጠን፣ የሚጎመዝዝበትን ልክ ስናወራ እራት ደረሰ። ያወጣሁትን ሕግ በገዛ እጄ ቀበርኩት። ከወጥ ቤት «እራት ቀርቧል» የሚል ድምፅ መጣ። ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅባቱ ያቺን የተናቀች ጠርሙስ ከብርዱ አውጥቶ ሥራ ገባ። ስቡን ያሟሟል፣ ያደርቃል፣ ውሃ ያገናኘዋል፣ በቀጭን ወንፊት ይገፋዋል። ያፏጫል። ባሌ ሲያፏጭ ዜማው አይታወቅም፤ ደስታው ግን ይታወቃል። እኔም ሴሎቼን ለሙከራው አዘጋጀሁ፤ ሁለት ሳህን፣ አንዱ የጤነኞቹ፣ አንዱ የበሽተኞቹ።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ማንኪያዎቹ ወደ መሳቢያቸው ተመልሰዋል። ስኳሩ ስኳር ቦታ ነው። መጋረጃዎቹም እንደ ድሮው። ሥራ ውዬ ስመጣ አልጋው እንኳ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመልሶ፣ አንሶላው ተወጥሮ ይጠብቀኛል። አማቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ስላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልጋዬን አገኘሁ፣ ሻዬ ጣፈጠ፤ ቤቱ ግን ጭር አለብኝ። የሙከራው ጭንቀት ነው ብዬ ተውኩት።

የሙከራው ዕለት ሚዛኑ ልማዳቸውን አመጡ። ባልና ሚስት አንድ ሥራ ላይ ሲገናኙ ሚዛን ያጋድላል ባይ ናቸው፤ ስለዚህ ምን የት እንዳለ የምቆጥረው እኔ ማወቅ የለብኝም። አራት ጠርሙስ ነበር። አንዱ ጨውማ ውሃ ብቻ፣ አንዱ ራቁቱን የሆነው መድኃኒት፣ አንዱ የድሮው ተለጣፊ ኳስ፣ አንዱ አዲሱ። ሚዛኑ የባሌን ጽሑፍ በሙሉ ልጠው በምትኩ ከልጅ ልጃቸው የወሰዱትን የፍራፍሬ ሥዕል ለጠፉ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ወይንና ፖም። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከየጠርሙሱ ለሁለቱም ሳህን አደሉ፤ በየረድፉም ያንኑ ሥዕል ለጠፉበት።

«ለሱ እንዳታደዪ ብዬ አይደለም» አሉኝ።

«አላደላም» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«በሱ እንዳትጨክኚ ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉኝ ኩም አልኩ። ሰውየው ከማስበው በላይ ያያሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊ ቀለሜን ይዤ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ቅባቱ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል፤ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል። የጤነኞቹን ሳህን አስቀደምኩ። የምጠብቀውን አውቃለሁ፤ ጨውማ ውሃ የተሰጣቸው ደህና ይሆናሉ፣ ራቁቱን መድኃኒት የቀመሱት በግማሽ፣ ተለጣፊውን ኳስ የቀመሱት በሙሉ ያልቃሉ። ጥያቄው አራተኛው ነው።

ብርቱካንን አየሁ። ሰማያዊ። ሁሉም ሞተዋል። ወይንን አየሁ። ግማሽ በግማሽ። ሙዝን አየሁ፤ ንጹሕ፣ የተዘረጉ፣ የሚያማምሩ ልጆቼ። እፎይ፣ ይሄ ጨውማ ውሃው ነው አልኩ። የቀረው ፖም ነው። ፖም ሥር ያለው ረድፍ የባሌ ዕጣ ፈንታ ነው። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋሁ።

ንጹሕ። አንድ ሁለት ሰማያዊ ነጥብ፣ ሌላው ሁሉ ደህና። ከሙዝ ጋር ብታቀላቅሉት አልለየውም።

ደስ አለኝ? የለም፤ ድብን አልኩ! ይሄ ባሌ ረስቷል አልኩ። ባዶ ጠርሙስ ነው የሰጣቸው። ሲያፏጭ፣ ሲያፏጭ መድኃኒቱን ሳይጨምር ቀርቶ ነው። ጫማውን አቀያይሮ የሚያጠልቅ ሰው ኳስ ውስጥ ምን እንደጨመረ በምን ያውቃል? የምጮኸውን ጩኸት ሁሉ በሐሳቤ አሰናድቼ፣ የበሽተኞቹን ሳህን ጎትቼ አስገባሁ።

ብርቱካን አልቋል። ወይን አልቋል። ሙዝ፣ ሆዳሞቹ በሕይወት አሉ፣ እርስ በርስ እየተጋፉ ይበላሉ። እንግዲህ ሙዝ ጨውማ ውሃው ነው፤ አሁን ጥርጥር የለውም። ፖምን አየሁ።

ሰማያዊ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ።

ሳህኑን አውጥቼ ሥዕሉን አየሁ። ፖም ነው። መልሼ አስገባሁ። ወደ ጤነኞቹ ተመለስኩ። ፖም፤ ንጹሕ። ወደ በሽተኞቹ። ፖም፤ ሰማያዊ። በሕይወቴ አንድ ፍሬ እንዲህ አገላብጬ አላየሁም። በሽተኞቹን ጨርሶ ጤነኞቹን ያልነካ ነገር እስከ ዛሬ በዚህ ማይክሮስኮፕ ሥር አላለፈም። ራቁቱን መድኃኒትና ተለጣፊውን ደግሞ አውቃቸዋለሁ፤ ስንት ጊዜ አስለቅሰውኛል።

ለሚዛኑ ሳልናገር መውጣት ክልክል ነው። በሩን በርግጄ ወጣሁ። «ፖም!» አልኩ። «ፖም ማን ነው? ፖም ማን ነው?»

ሚዛኑ ከቢሯቸው ወጡ። ገብተው ሁለቱንም ሳህን ራሳቸው አዩ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደገና አንዱን። ባሌ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል። ሚዛኑ የፖሙን ሥዕል ከጠርሙሱ ላጡና ከኪሳቸው ካለው ቁራጭ ወረቀት ጋር አመሳከሩት።

«አዲሱ ነው» አሉ። ከዚያም መዝነው መዝነው፣ «ይቀጥላል» አሉ። ይህች ቃል ለእሳቸው ዘፈን ናት።

ቅባቱ መጥቶ አቀፈኝ። ስታርች የነካው ጋዎኔ በመካከላችን ተንኮሻኮሸ። በዚህኛው እቅፍ ማንም አልሞተም። እኔም እንባዬን በትከሻው ጠረግሁ። ያደረግነውንም ያደረግነው በሥራ ሰዓት፣ በአለቃ ፊት ነው።

ከሰዓት በኋላ ኳሷ ስም ያስፈልጋት ነበርና ቅባቱ በጠርሙሷ ላይ «እማዬ» ብሎ ጻፈ።

እየሳቅን ቤት ስንገባ አማቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላ ጫማቸውን በመንገድ ጫማ ቀይረዋል። ትንሿ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ተሳካ እማዬ! ተሳካ!» አለ ልጃቸው፣ ሻንጣውን ሳያይ።

ፊታቸው በራ። ተነሥተው ሳሙት፣ እኔንም ሳሙኝ። «እሰይ! እንግዲህ ሆዴ ዐረፈ፤ መሄድ እችላለሁ» አሉ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አልኩ።

«ሰኞ ነበር መሄድ የነበረብኝ።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ቅሬታ አይታይባቸውም፤ ይህ ነው የባሰው። «ከመኝታ ቤታችሁ ቀጥሎ ያለው ወጥ ቤቱ ነው ልጄ። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማንኪያዎቹ፣ ስኳሩ፣ አልጋው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የፈነዱትን ሲለቅሙ ነው የሰነበቱት። ባሌ መሃላችን ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እናቱን ያያል።

«እማዬ፣ እኮ ያ ንግግር ነው ያዳነኝ!» አለ። «ስምሽን ጠርሙሱ ላይ ጽፌዋለሁ።» ኳሷ በር ላይ ዝም ብላ ገብታ ውስጥ እንዴት እንደምትፈነዳ በእጁ እያሳየ፣ እየተደናቀፈ አስረዳቸው። አማቴ በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈነዱ ያልሽኝ እንግዲያ ስድብ አልነበረም?»

«ያኔ ስድብ ነበር» አልኩ። ማለባበስ አልችልበትም፤ የሞተውን ሞቷል ነው የምለው። «ወድቄ ነበር፣ ወገቤንም አሞኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ አሰቡ። «ያቺ ኳስ ግን» አሉ፣ «ገብታ ሳትፈነዳ ብትቀርስ?»

«የያዘችውን ሳትሰጥ ትቀራለች። ያቺማ ብትገባም ባትገባም አንድ ናት።»

ይህን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ነው የሰማሁት። እሳቸውም ሰሙት። ሻንጣቸውን አዩ፣ ከዚያ ጣቶቻቸውን አዩ።

«ልጄ በስልክ ደህና ነኝ ሲለኝ ድምፁ ደህና አልነበረም» አሉ። «እኔ ስለ ስብ የማውቀው የለ፣ ስለ ሴል የማውቀው የለ። በምን ልርዳው? ቤት ማሰናዳት ነው የምችለው። የያዝኩት ያንን ነበር።»

ሻንጣውን አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከነማንኪያው መዝዤ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ፊታቸው ዘረገፍኩት።

«እማማ፣ የት ነበር ያስቀመጧቸው?»

አማቴ ማንኪያዎቹን አዩ። እኔን አዩ። ሻርፓቸውን ቀስ ብለው ፈቱና ወንበሩ ላይ ጣሉት።

«መጀመሪያ አልጋው» አሉ።

ቅባቱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ያዝን።